በአሥር ፓውንድ የተሸጠው የካህን ቤት

የጥናት ጽሑፍ ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት

በየአጥቢያው ስብሰባ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ወይም በአጠገቡ አንድ ያረጀ ቤት ይኖራል፤ ቀድሞ የአገልጋይ ማደሪያ፣ የጉባኤ ቤት ወይም ዕቃ ቤት የነበረ ነው። ክዳኑ ያፈስሳል፤ ግድግዳው ተሰነጣጥቋል፤ ምሰሶው ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። "ይፍረስና በብሎኬት አዲስ ይሠራ" የሚሉ አሉ፤ "የአባቶቻችን ነውና አይነካ" የሚሉም አሉ። ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ቤቱን ቀርበው ሳይመረምሩ ነው።

በዚህ ዕትም የምናጠናው በሌላ አገር ያለ፣ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ንብረት የነበረ አንድ ቤት ነው። በደቡብ እንግሊዝ፣ በምሥራቅ ሳሴክስ፣ በአልፍሪስተን መንደር የሚገኘው የቀድሞ የካህናት ቤት ነው። የመረጥነው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የተሠራው በእንጨት፣ በጭቃ፣ በኖራና በሣር፣ ማለትም አንባቢዎቻችን በሚገባ በሚያውቋቸው ነገሮች ነው፤ ሆኖም 600 ዓመት ገደማ ቆሟል። ሁለተኛ፣ ሊፈርስ የተቃረበው በጠላት እጅ ሳይሆን በገዛ ባለቤቶቹ ውሳኔ ነበር። ሦስተኛ፣ ከመፍረስ ቢድንም ቤተ ክርስቲያኒቱ ባለቤትነቱን አጥታዋለች። ትምህርቱ ያለው በተለይ በዚህ በሦስተኛው ነጥብ ላይ ስለሆነ፣ በመጨረሻ ወደ እርሱ እንመለሳለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦታውና ዘመኑ

አልፍሪስተን ሳውዝ ዳውንስ በሚባሉት ነጭ የኖራ ድንጋይ ኮረብታዎች መካከል፣ በከክሚር ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ መንደር ናት። በመንደሩ የጋራ መስክ ዳር በ14ኛው መቶ ዓመት የተሠራው የቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ቤተ ክርስቲያኑ በመስቀል ቅርጽ የታነጸና ግድግዳው ከባልጩት የተሠራ ነው። ለመንደሩ እጅግ ትልቅ በመሆኑም ሕዝቡ "የኮረብታዎቹ ካቴድራል" ይለዋል። የካህናቱ ቤት ከዚህ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ዝቅ ብሎ፣ በሣር ክዳኑ ተሸፍኖ ይታያል።

ቤቱ የተሠራው በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ ግድም ነው። ከዚያ በፊት በ1348 እና በ1349 ታላቁ ወረርሽኝ እንግሊዝን መትቶ ከሕዝቡ እጅግ ብዙውን ጨርሶ ነበር። የሠራተኛ እጅ በመጥፋቱ የጉልበት ዋጋ ጨመረ፤ የተረፉት ገበሬዎች ብዙ መሬት መያዝ ቻሉ፤ ከእነርሱም መካከል ጥሩ ቤት ለመሥራት ዐቅም ያገኙ ተነሡ። በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ዛሬም በብዛት የሚታዩት ትልልቅ የእንጨት ቤቶች የዚያ ዘመን ፍሬዎች ናቸው። የአልፍሪስተኑም ቤት መጀመሪያ ለአንድ ባለጸጋ ገበሬ ተሠርቶ ኋላ ወደ ካህናት እጅ እንደ ገባ የሚናገሩ አሉ። ያም ሆነ ይህ አሠራሩ የቤተ መንግሥት ወይም የገዳም አሠራር አይደለም፤ የአገሬው አናጢ በአካባቢው ባገኘው ነገር የሠራው ነው።

ዐፅሙ፦ የእንጨቱ አሠራር

የዚህ ዓይነቱ ቤት ሸክሙን የሚሸከመው በግድግዳው አይደለም፤ በእንጨት ዐፅሙ ነው። እንጨቱ ኦክ የሚባለው ጠንካራ ዛፍ ሲሆን የሚሠራውም ሳይደርቅ፣ ገና እርጥብ ሳለ ነው፤ ከደረቀ መጥረቢያና መሮ አይበግረውምና። አናጢዎቹ እያንዳንዱን እንጨት በሥራ ቦታቸው ቀርጸው፣ የአንዱን ጫፍ በሌላው ቀዳዳ አስገብተው፣ በእንጨት ችንካር ያያይዙታል። ቀጥሎም እያንዳንዱን መጋጠሚያ በምልክት ቍጥር እየሰጡ ይፈቱትና በቤቱ ቦታ ላይ እንደገና ያቆሙታል። እንጨቱ ከዓመት ዓመት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጎብጣልም፤ በዚህም መጋጠሚያዎቹ ይበልጥ ይጠባበቃሉ። ስለዚህ በእንደዚህ ያለ ቤት ውስጥ የተጣመመ እንጨት ማየት ብቻውን የመፍረስ ምልክት አይደለም። ብዙዎቹ የተጣመሙት ቤቱ በተሠራ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ ከዚያ ወዲህ በዚያው ቅርጽ ጸንተው ኖረዋል።

ከጣሪያው በታች አዳራሹን አቋርጦ የሚያልፍ አንድ ትልቅ አግዳሚ አለ። በእርሱ መካከል አጭር ምሰሶ ይቆማል፤ ምሰሶውም ከላይ በቤቱ ርዝመት የሚሄደውን እንጨት ይደግፋል፤ ወራጆቹን የሚያያይዙት አጫጭር አግዳሚዎችም በዚህ እንጨት ላይ ያርፋሉ። የእኛ አገር ክብ ቤት መካከለኛ ምሰሶ ከወለል ተነሥቶ ጣሪያውን ሲሸከም፣ የዚህ ቤት ምሰሶ ግን በአግዳሚው ላይ ስለሚቆም ወለሉ ሳይከፈል ሰፊ ሆኖ ይቀራል።

የክፍሎቹ ሥርዓት

የቤቱን አከፋፈል ለመግለጽ አማርኛ ሦስት የታወቁ ቃላት ይሰጠናል፤ አዳራሽ፣ እልፍኝና ጓዳ። በመካከሉ ከወለል እስከ ጣሪያ ክፍት የሆነው አዳራሽ አለ። በአንደኛው ጫፍ የባለቤቱ እልፍኝ፣ በላዩም ሌላ ክፍል ይሆናል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ምግብና መጠጥ የሚቀመጥበት ጓዳ ይኖራል። በአዳራሹና በጓዳው መካከል ከፊት በር እስከ ኋላ በር የሚያልፍ መተላለፊያ ይሠራ ነበር።

የዘመኑ ባለሙያዎች ይህን ዓይነት ቤት በተስፋፋበት ወረዳ ስም "ዊልደን" ይሉታል። መለያው እንዲህ ነው፦ የሁለቱ ጫፎች ላይኛ ፎቅ ከታችኛው ወደ ፊት ወጣ ይላል፤ የአዳራሹ ግድግዳ ግን በመካከላቸው ገባ ብሎ ይቀራል። ሦስቱንም የሚሸፍነው አንድ ክዳን ስለሆነ፣ በአዳራሹ ፊት ክዳኑ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ በቀስት መሰል እንጨቶች ይደገፋል።

መጀመሪያ በዚህ ዓይነት ቤት የጭስ ማውጫ አልነበረም። እሳቱ የሚነደው በአዳራሹ ወለል መካከል ባለ ምድጃ ላይ ነበር፤ ጭሱም ወደ ላይ ወጥቶ በጣሪያው በኩል እያለፈ ይጠፋ ነበር። በእንደዚህ ያሉ ቤቶች ጣሪያ ላይ ዛሬም ጥቀርሻ የለበሱ ጥንታውያን ወራጆች ይገኛሉ። ጥቀርሻው ለአጥኚዎች እንደ ጽሑፍ ነው፤ የትኛው ክፍል ክፍት አዳራሽ እንደ ነበረ፣ የትኛው እንጨት የመጀመሪያው እንደ ሆነ፣ የትኛው ኋላ እንደ ተጨመረ ይነግራቸዋል። በሌሎች ብዙ ቤቶች በኋለኛው ዘመን ባለቤቶቹ የጭስ ማውጫ ሠርተው አዳራሹን በፎቅ ከፍለውታል። የአልፍሪስተኑ አዳራሽ ግን ዛሬም እስከ ጣሪያው ክፍት ሆኖ ይታያል።

ግድግዳው፣ ወለሉና ክዳኑ

በእንጨቶቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ የሚሞላው ከቀጫጭን እንጨት በተሸመነ ማገር ነው፤ በላዩም ከጭድና ከእበት ጋር የተቦካ ጭቃ ይመረግበታል። ምርጊቱ ሲደርቅ በኖራ ይቀባል። ኖራው ለውበት ብቻ የሚቀባ አይደለም። ዝናብ ሲመታው ጥቂት እርጥበት ይቀበላል፤ ፀሐይና ነፋስ ሲያገኝ መልሶ ያወጣል። በዚህ ምክንያት በውስጡ ያለው እንጨት ሁልጊዜ የመድረቅ ዕድል ያገኛል። በዚህ ዓይነት ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ሲለሰን ነገሩ ይገለበጣል። ሲሚንቶው ጠንካራና የማይተነፍስ በመሆኑ ከእንጨቱ ጋር አብሮ አይንቀሳቀስም፤ ቀጭን ስንጥቅ ይፈጠርበታል፤ በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ እንጨቱን ከውስጥ ያበሰብሰዋል። ከውጭ የሚታየው ግን ንጹሕና አዲስ ግድግዳ ነው።

የአዳራሹ ወለል ደግሞ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ከኮረብታዎቹ የተገኘው ነጭ የኖራ ድንጋይ ተሰባብሮና ተደልድሎ ይጠቀጠቃል፤ ከዚያም የኮመጠጠ ወተት ይፈስስበታል። ወተቱ በውስጡ ባለው አጣባቂ ነገር ብናኙን ያያይዘዋል፤ ወለሉም ጠንካራና ለመጥረግ የሚመች ይሆናል። ወለሏን በእበት ስትለቀልቅ ያደገች የአገራችን እናት ይህን ብታይ፣ እጅግ የምታውቀውን ጥበብ በሌላ አገር ልብስ ለብሶ ታገኘዋለች።

ክዳኑ ሣር ነው። የሣር ክዳን የሚድነው በቁልቁለቱ ነው፤ ጣሪያው እጅግ ቀጥ ያለ ስለሆነ ውኃው ወደ ውስጥ ሳይሰርግ ከላይ ከላዩ ይወርዳል። ከግድግዳው ርቆ የወጣው ጠርዝም ውኃውን ከግድግዳና ከመሠረት አርቆ ይጥለዋል። የጣሪያው ጫፍ ከቀረው ክፍል ቀድሞ ስለሚያረጅ በየጊዜው መታደስ አለበት። ይህ ከተደረገ የቀረው ክዳን ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ካልተደረገ ግን ውኃው በጫፉ ገብቶ መጀመሪያ ወራጁን፣ ቀጥሎ አግዳሚውን፣ በመጨረሻም ምሰሶውን ያገኛል። የአንድ ቀን የክዳን ሥራ ስለ ቀረ የአንድ ትውልድ እንጨት ይጠፋል ማለት ነው።

በአዳራሹ ማዕዘን በእንጨቱ ላይ የተቀረጸ አንድ የኦክ ቅጠል አለ። ትንሽ ቢሆንም አናጢው ጠንካራውን ሥራ ከፈጸመ በኋላ ለውበት እጁን እንዳልሰሰተ ይመሰክራል። ወደዚህ ቅጠል ኋላ እንመለሳለን።

ለመፍረስ እንዴት ተቃረበ?

ቤቱ ለረጅም ዘመን ካህናትን ሲያገለግል ከኖረ በኋላ አገልጋዮቹ ሌላ መኖሪያ አገኙ። ከዚያ ወዲህ ተከፋፍሎ ለድኾች ሠራተኞች መኖሪያ ሆነ። የኪራዩ ገቢ ትንሽ ነበር፤ ጥገናውም በዚያው መጠን ቀነሰ። ማንም ክፉ ነገር አላሰበም፤ ማንም "ይህን ቤት እናጥፋው" ብሎ አልተነሣም። በየዓመቱ "በሚመጣው ዓመት" ተባለ፤ ዓመታቱም ተደማመሩ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ክዳኑ ተቀዳዶ፣ ምርጊቱ ወድቆ፣ እንጨቱ ለዝናብ ተጋልጦ ነበር።

በ1880ዎቹ የቤተ ክርስቲያኒቱ ኃላፊዎች ቤቱ እንዲፈርስ ፈቀዱ። በዚያን ጊዜ በቤቱ የምትኖር አንዲት አረጋዊት ነበረች፤ በኖረችበት ቤት እንድትሞት ብላ ስለ ለመነች ማፍረሱ እንደ ዘገየ ይተረካል። ይህ ከሆነ ቤቱን መጀመሪያ ያተረፈው የባለሙያ ጥናት አልነበረም፤ ለአንዲት ድኻ የተደረገ ርኅራኄ ነበር።

እንዴት ተረፈ?

ቀጥሎ ወደ መንደሩ የተመደቡት ቄስ ቤይነን ቤቱን በሌላ ዓይን አዩት። የሚጠግኑበት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ገንዘብ አለመኖሩን የመጨረሻ መልስ አላደረጉትም። የጥንታውያን ሕንጻዎች ጥበቃ ማኅበርን ምክር ጠየቁ። ይህን ማኅበር ዊልያም ሞሪስና ባልንጀሮቹ በ1877 የመሠረቱት ሲሆን፣ አቋሙ ያረጀን ሕንጻ አፍርሶ አዲስ መስሎ ከመሥራት ይልቅ በዕለት ተዕለት እንክብካቤ ከጥፋት መጠበቅ ይሻላል የሚል ነበር።

በዚያው ጊዜ በ1895 ናሽናል ትረስት የሚባል አዲስ ድርጅት ተቋቋመ። መሥራቾቹ ለለንደን ድኾች መኖሪያ ቤት በማስተዳደር የታወቀችው ኦክታቪያ ሂል፣ የሕግ ባለሙያው ሮበርት ሃንተርና ቄስ ሃርድዊክ ሮንስሊ ነበሩ። ዓላማቸው ውብና ታሪካዊ ቦታዎችን ለሕዝብ ጥቅም በአደራ መያዝ ነበር። ይህ ድርጅት በ1896 የአልፍሪስተኑን የካህናት ቤት በ10 ፓውንድ ገዛ። ድርጅቱ የገዛው የመጀመሪያው ሕንጻ ይህ ነው።

10 ፓውንድ የቤቱ እውነተኛ ዋጋ አልነበረም። ገንዘቡ ለውል ያህል የተከፈለ ነው፤ እውነተኛው ወጪ ጥገናው ነበር፤ ያም ከመግዣው ብዙ እጥፍ ሆኖ ከበጎ አድራጊዎች መሰብሰብ ነበረበት። ሥራውን የመራው አርክቴክት አልፍሬድ ፓወል ነበር። የተከተሉት መንገድም ለዛሬ ኮሚቴ ሁሉ የሚጠቅም ነው፤ ጤነኛውን እንጨት አልነቀሉም፤ የበሰበሰውን ክፍል ብቻ ቈርጠው አዲስ እንጨት አጋጠሙበት። ቤቱን እንደ አዲስ ለማስመሰል ሳይሆን እንዲቆም ለማድረግ ሠሩ።

ዛሬ ናሽናል ትረስት እጅግ ብዙ ቤቶችን፣ የባሕር ዳርቻዎችንና መሬቶችን የሚጠብቅ ትልቅ ድርጅት ሆኗል። ምልክቱም የኦክ ቅጠል ነው። ሐሳቡ የተወሰደው በአልፍሪስተን አዳራሽ ማዕዘን ከተቀረጸው ቅጠል ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አሁን በመግቢያችን ወዳቆየነው ነጥብ እንመለስ። ቤቱ ተርፏል፤ ጎብኚዎችም ይገቡበታል። የቤተ ክርስቲያኒቱ ንብረት ግን አይደለም። ከመቶ ዓመታት በላይ ካህናት ያደሩበት፣ ከቤተ መቅደሱ አጠገብ ያለ ቤት፣ በወቅቱ ሊጠገን ባለመቻሉ ለሌላ ባለአደራ ተላልፏል። ይህን ስንል የሸጡትን ቄስ ለመውቀስ አይደለም፤ እርሳቸው ከቀሩት ሁለት መንገዶች የተሻለውን መርጠዋል። ሦስተኛው መንገድ ግን ቀደም ብሎ ተዘግቶ ነበር፤ የዘጉትም ከእርሳቸው በፊት "በሚመጣው ዓመት" ያሉት ሁሉ ናቸው። ያልተጠበቀ ንብረት ወይ ይፈርሳል፣ ወይ የሌላ ይሆናል፤ ይህ በየትኛውም አገር ያለ እውነት ነው።

ስለዚህ አንድ ሰበካ ጉባኤ ስላረጀ ቤት ከመወሰኑ በፊት የሚከተሉትን አራት ነገሮች እንዲመረምር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ውኃው ከየት ይመጣል? ከክዳኑ፣ ከመሠረቱ ወይስ ከግቢው ቁልቁለት? ብዙ ጊዜ "ያረጀ ቤት" የምንለው የረጠበ ቤት ነው። የውኃው ምንጭ ሳይዘጋ ግድግዳ መለሰን በቁስል ላይ ልብስ መደረብ ነው።

ሁለተኛ፣ ሸክሙን የሚሸከመው ምንድር ነው? ምርጊቱ ቢወድቅም ምሰሶውና አግዳሚው ጤነኛ ከሆኑ ቤቱ አልሞተም። ምሰሶው ከሥሩ በስብሶ ከሆነ ግን ግድግዳው ቢያምርም አደጋ አለ፤ ሰዎች እንዳይገቡበት መደረግ አለበት።

ሦስተኛ፣ ቤቱ የተሠራው በምን ነው? በጭቃና በኖራ የተሠራ ግድግዳ በጭቃና በኖራ ቢጠገን ይሻላል። ይህን ሙያ የሚያውቁ አረጋውያን በአጥቢያው ካሉ፣ ዕውቀታቸውን ለወጣቶች እንዲያስተላልፉ ማድረግ ራሱ የልማት ሥራ ነው።

አራተኛ፣ ማንን ጠይቀናል? ቄስ ቤይነን ብቻቸውን ቢቀሩ ቤቱ ባልተረፈ ነበር። በአገራችንም ሕንጻው ቅርስ ከሆነ የሀገረ ስብከቱንና የቅርስ ባለሥልጣኑን ባለሙያዎች ማማከር ግዴታም ጥቅምም ነው። ከጥገና በፊት ፎቶግራፍ ማንሣትና ልኩን መመዝገብም ሊረሳ አይገባም።

ይህን ሁሉ ከመረመረ በኋላ ጉባኤው "ይፍረስ" ብሎ ሊወስን ይችላል። ያረጀ ሁሉ መቆየት አለበት አንልም፤ የአገልጋይን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል፣ ሊጠገን የማይችል ቤት አለና። የምንለው ውሳኔው ከምርመራ በኋላ ይሁን ነው። የፈረሰ ቤት ዳግመኛ አይመረመርም።

በመጨረሻም ዋናው ነገር ትንሹ ሥራ ነው። ከክረምት በፊት ክዳኑን የሚያይ፣ የውኃ መውረጃውን የሚጠርግ፣ በግድግዳው ሥር የበቀለውን ቁጥቋጦ የሚነቅል አንድ ሰው በስም ይመደብ፤ በዓመታዊ በጀትም ለዚህ ጥቂት ገንዘብ ይያዝ። የአልፍሪስተኑ ቤት ለዘመናት የቆመው በዚህ ዓይነት ትንሽ ሥራ ነው፤ ሊፈርስ የተቃረበውም እርሱ በተቋረጠ ጊዜ ነው።

የውይይት ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ካሉት ሕንጻዎች በዕድሜ ትልቁ የትኛው ነው? መቼ፣ በማንና በምን እንደ ተሠራ የሚያውቅ ሰው አለን? የሚናገረውስ በጽሑፍ ተይዟል?

2. ባለፉት ዓመታት "በሚመጣው ዓመት" ብለን ያሳደርነው ጥገና የትኛው ነው? ያን ጊዜ ቢሠራ ምን ያህል ይፈጅ ነበር? አሁንስ?

3. በሲሚንቶ የተለሰነ የጭቃ ወይም የኖራ ግድግዳ አለን? ከልስኑ በኋላ እርጥበቱ ቀነሰ ወይስ ጨመረ?

4. በጭቃ፣ በኖራ ወይም በሣር ክዳን ሥራ የታወቁ የአጥቢያችን ሰዎች እነማን ናቸው? ሙያቸውን ማን ይማርላቸው?

5. ከመጪው ክረምት በፊት ሕንጻዎቹን እየዞረ የሚመረምር ማንን እንመድብ? ለጉባኤውስ መቼ ያቅርብ?

ጉባኤያት በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ሲወያዩ በአዳራሽ ተቀምጠው ብቻ እንዳይሆን እንመክራለን። በመጀመሪያ ወደ ቤቱ ይሂዱ፤ ክዳኑን ከውጭም ከውስጥም ይመልከቱ፤ የምሰሶውን ሥር በእጃቸው ይዳስሱ። ከዚያ በኋላ ተቀምጠው ይነጋገሩ።